ፈንጂ ጠራጊዋ እሜቴ

የፈንጂ ጠረጋ ጣቢያው ጀልባዬን ወስዶ መብራት ሰጠኝ። የሎሚ ያህል ናት፤ ቀይ፤ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። የሚስቴ ልብ ሲመታ ትበራለች፤ በምትና በምት መሀል ትደበዝዛለች። ጠራጊ ያለበት ቤት ሁሉ አንዳንድ ተሰጥቶታል። ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ነው አሉ።

ጠዋት ሚስቴ ባንቺአምላክ ወጥታ በሩን እንደዘጋች መብራቷ ትናገራለች። ድምጿ የደግ ነርስ ድምፅ ነው። «እንደምን አደሩ፣ አቶ እንየው? የቤተሰብዎ አባል ወደ ሥራ ተሰማርታለች። ደስ ብሎዎታል?»

«ደስ ብሎኛል» እላለሁ። ዝም ካልኩ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ አሁንም ዝም ካልኩ የጣቢያው ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ ለምን እንዳልተደሰትኩ ያጣራል። ስለዚህ በየጠዋቱ ደስ ይለኛል። ከዚያ ከሰማይ ደጄ ላይ ከምትወርደው ሣጥን የዕለቱን ዓሣ አወጣለሁ። ከፋብሪካ የሚመጣ ነው፤ እሾህ የለው፣ ዐይን የለው፣ ሽታ የለው። ጣና ዳር ተወልጄ፣ አባቴም አያቴም ቀረሶና አምባዛ ሲያወጡ ኖረው፣ እኔ የፋብሪካ ዓሣ በሹካ እበላለሁ። ሐይቁ ከመስኮቴ ይታያል፤ መንካቱ ግን ክልክል ነው።

ጦርነቱ ከተጀመረ ሦስተኛው ክረምት ላይ ነው ነጫጭ ወፍ የሚመስሉ ነገሮች በሐይቁ ላይ አልፈው ፈንጂ የዘሩበት። ከጎርጎራ እህል የሚያመላልሱት መርከቦች ቆሙ። የብረት ጀልባም ሁሉ ቆመ፤ ፈንጂው ብረት ያሸታልና። የቀሩት ጥቂት የእንጨት ጀልባዎች ነበሩ። ከነሱ አንዷ የኔዋ እሜቴ ናት፤ አባቴ ከዋንዛ ያሠራት፣ ሚስማሯ ሳይቀር እንጨት የሆነች። የሠራዊቱ ሰዎች ሞተሯን ብረት በሌለው ቀይረው፣ ግራጫ ቀብተው፣ ከኋላዋ ረጅም ገመድ አሰሩላት። በገመዱ ጫፍ ላይ «ከበሮ» የሚሉት ነገር አለ፤ ውኃ ውስጥ እንደ ትልቅ መርከብ ያጓራል። ፈንጂው ድምፅም ይሰማልና ተታሎ ከበሮው ላይ ይፈነዳል፣ ጀልባዋ ፈንጠር ብላ ትሄዳለች። ጠረጋ ማለት ይኸው ነው።

እሜቴን ሚስቴ ባንቺ «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። ለመረብ ስወጣ «ደግሞ ከጣውንቴ ዘንድ ልታድር ነው?» እያለች ታሾፍብኛለች። በኋላ ግን ራሷም አብራኝ መውጣት ጀመረች። መረብ አጣጣሏ ከኔ ይበልጣል፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጀልባዋን ከወሰዱ በኋላ ሰው መረጡ። ጀልባ ላይ የሠራ ሁሉ ተጠርቶ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ልብ ያዳምጣል። ከኋላዬ አንድ ነገር ሲፈነዳ ዘልዬ የመራጯን ሻምበል ሻይ ደፋሁት። ባንቺ «ምን ወደቀ?» ብላ ዘወር አለች፤ በቃ። ስማቸው የሚባለው ሰው ደግሞ አዛጋ አሉ። እሜቴን የሚነዳ ስማቸው፣ ገመዱን የምትይዝ ባንቺአምላክ ሆነው ተመረጡ። እኔ «አበረታች ቤተሰብ» ተባልኩ። ጣቢያው ውስጥ እንዲህ ብለው ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።

ስማቸው ጎረቤቴ ነው፤ አጥር ብቻ ነው የሚለየን። ባንቺን ከኔ በፊት ለጋብቻ የጠየቃት እሱ ነው። ሽማግሌ ቢልክ አባቷ «ጀልባ የሌለው ሰው ልጄን በምን ያኖራታል?» ብለው መለሱበት። በዓመቱ እኔ ላክሁ። እሜቴ ነበረችኝ፤ ተሰጠችኝ። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያኔ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። አሁን ከመብራት ፊት ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ሰውየው የተከለከለው በጀልባ ነው፣ እኔም የተሰጠኝ በጀልባ ነው። ዛሬ ጀልባዋን እሱ ይነዳታል፤ ሚስቴም ውስጧ አለች። የዚህን ሒሳብ ሕፃን ልጅም ይሠራዋል።

ሰው የሚስቱን ልብ ቀኑን ሙሉ ሲያይ ከዋለ ብዙ ነገር ይማራል። ባንቺ ስትበላ መብራቷ ትረጋለች። ገመድ ስትስብ ትፈጥናለች። ስትስቅ ደግሞ እንደ ሻማ ትርገበገባለች፤ ከኔ ጋር እያለች ስትስቅ አይቼ ለይቼዋለሁ። ሐይቁ መሀል ሆና በቀን ስንት ጊዜ እንደምትስቅ አያለሁ። ምን ብሏት እንደሆነ አላውቅም። ስማቸው ከድሮም ቀልድ አያውቅም ነበር፤ ከየት አመጣው?

ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልኩት የሚካኤልን ሰርጥ ነው።

ከወደባችን የሚወጣ ጀልባ ሁሉ በሚካኤል ደሴትና በየብሱ መካከል ባለው ጠባብ ውኃ ያልፋል። ደሴቷ ላይ ገዳም አለ። የሐይቁ ሰው ሚካኤልን በሞተር ጩኸት አያልፈውም። ሞተሩን ያጠፋል፣ ራሱን ይገልጣል፣ «አሻግረን» ብሎ ይለምናል፣ ጀልባዋ በራሷ ትንሽ ትንሳፈፋለች፣ ከዚያ አስነሥቶ ይሄዳል። አባቴ እንዲህ አደረገ፣ እኔም እንዲህ ሳደርግ ኖርሁ። ልመናው ግን አጭር ነው፤ የአቡነ ዘበሰማያት ግማሽ እንኳ አይሆንም። የእሜቴ ሞተር ደሴቷ ጀርባ ሲገባ ዝም ሲል ከመስኮቴ እሰማለሁ። ዝም እንዳለ ይቆያል። ይቆያል። ከሳምንት ሳምንት እየባሰበት ሄደ። በዚያ ዝምታ መሀል የባንቺ መብራት ትሮጣለች፤ ልትፈነዳ እስክትደርስ ትሮጣለች። ሞተሩ ሲነሣ ትበርዳለች።

ፈንጂ ሲፈነዳ እንኳ እንዲህ አትሮጥም። ፍንዳታው መስኮቴን ሲያንቀጠቅጠው ቀና ብዬ አያታለሁ፤ መብራቷ ዝም ብላ ትመታለች፣ የእህል ወፍጮ ያህል እንኳ አላስደነገጣትም። ታዲያ ሞት ያላስደነገጠውን ልብ እዚያ ደሴት ጀርባ ምን ያስሮጠዋል?

አንድ ቀን መብራቷን ከግድግዳ ነቅዬ በጋቢዬ ሸፍኜ ወደ ስማቸው ቤት ሄድሁ። ሚስቱ አንጓች ያረጀ መረብ ዘርግታ ትጠግናለች፤ ማንም የማይጥለውን መረብ።

«ምን ሸፍነህ መጣህ፣ አያ እንየው?»

«መብራቴን። ካንቺው ጋር ላስተያየው ብዬ ነው፤ የተበላሸ ይመስለኛል።»

«እኔማ ጨርቅ ጥየበታለሁ። ዐይን ዐይኔን እያየ ሥራ አላሠራ አለኝ» ብላ የራሷን ገለጠችልኝ።

ጎን ለጎን አደረግናቸው። የእሜቴ ሞተር ከሩቅ ይሰማል። ከዚያ ጠፋ። ሁለቱም መብራቶች አብረው ሩጫ ጀመሩ፤ አንዱ ሌላውን እንደሚያባርር፣ ከዚያም እንደሚያገኘው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመቱ ቤቱ ቀይ ይሆናል።

«አየሽ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«አብረው ነው የሚሮጡት።»

«ባንድ ጀልባ ላይ ያሉ ሰዎች ልባቸው አብሮ ባይሮጥ ነበር የሚገርመኝ።»

«ፈንጂ ሲፈነዳ አይሮጥም እኮ! እዚያች ቦታ ብቻ፣ ሞተር አጥፍተው ብቻቸውን ሲሆኑ ነው የሚሮጥ። ባልሽ ነው፤ ምንም አይመስልሽም?»

አንጓች መርፌዋን መረቡ ላይ ሰካች። «የባሌን ልብ አውቀዋለሁ፤ ሰነፍ ነው። በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አልሮጠ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል፣ አያ እንየው፤ ይልቅ ሻይ ላፍላልህ» አለችኝ። ጨርቁን መልሳ ስትጥለው ግን እጇ ፈጠን አለ። ሻዩንም ረሳችው።

የገዳሙ ሰዎች እስከ ዛሬ በደንገል ታንኳ ይመላለሳሉ። ደንገል ብረት የለው፣ ሞተር የለው፤ ሐይቁን ለሚጠብቁት ማሽኖች ዐይን ተንሳፋፊ ሣር ነው የሚመስለው። ከአንድ ዲያቆን ታንኳ ለመንሁ። ለስለት ነው አልኩት። በማግሥቱ ባንቺ ከመውጣቷ አስቀድሜ «ወደ ጣቢያው ልሂድ» ብዬ ወጣሁና ሰርጡ ዳር ካለው ደንገል ውስጥ ገብቼ ተሸሸግሁ። በገዛ ሚስቴ ላይ፣ በገዛ ጀልባዬ ላይ፣ እንደ ሌባ።

እሜቴ መጣች። ግራጫው አልሆነላትም። ስማቸው መሪው ላይ ነው፤ ባንቺ ከኋላ ገመዱ ዘንድ ቆማለች። ደሴቷ ትይዩ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋው። ውኃው ሲመታት ብቻ ይሰማኛል። ስማቸው ራሱን ገለጠ፣ ባንቺ ነጠላዋን ተከናነበች። «ሕዝብህን ባሕር ያሻገርህ፣ እኛንም አሻግረን» አሉ፤ የባንቺ ድምፅ ለኔ ለብቻዬ ተነጥሎ ይሰማኛል። ልመናው አለቀ። አሁን አስነሥተው መሄድ ነው።

አልሄዱም። ስማቸው የሞተሩን ማስነሻ እጀታ ያዘና ቆመ። ባንቺ ከኋላ መጣችና አጠገቡ ቆመች። እጇን አነሣችና እጁ ላይ አደረገችው። እንዲያው ጣል አላደረገችውም፤ ጨብጣ ያዘችው። ዐይን ለዐይን ተያዩ። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ሆነው ቆሙ፣ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ሆኜ አየኋቸው። ከዚያ አብረው ገፉት። ሞተሩ ተነሣ። ሰርጡን እስኪያልፉ ድረስ እጇ አልተነሣም።

ዐይኔ ደም ለበሰ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ቢሳሳሙ እንኳ የማውቀው ነገር ነው።

ማታ ባንቺ ገብታ እጇን ታጥባ እራት ቀረበ። እስክትጎርስ ጠበቅኋት።

«አየሁሽ» አልኳት።

«የት?»

«ሚካኤል ጀርባ። እጅሽ እጁ ላይ።»

ትክዳለች ብዬ ነበር። ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችው። «በምን ሄድህ?» አለችኝ።

«በደንገል ታንኳ። ምን አገባሽ በምን እንደሄድሁ?»

«ሞተር አላስነሣህም?»

«ስለ እጅሽ ነው የምጠይቅሽ!»

«እንየው፣ እዚያ ሰርጥ ውስጥ ሞተር አስነሥተሃል ወይስ አላስነሣህም?»

«አላስነሣሁም።»

ተነፈሰች። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ጣለች። «ፈንጂው የሰማውን ሁሉ አይመታም» አለች። «ይቆጥራል። ሞተር ሲሰማ አንድ ጀልባ ይላል። ያው ሞተር ጠፍቶ ሲነሣ ሌላ ጀልባ መጣ ብሎ ይጨምራል። ስንት ላይ እንደሚሞላለት የዘራው ብቻ ነው የሚያውቅ። ሌላ ቦታ ከበሮው ይከተለናል፤ ቢፈነዳም ከኋላችን ነው። ሰርጡ ላይ ሞተር ስናጠፋ ግን ገመዱ ይሰጥማል፣ ከበሮው ይተኛል። ሲነሣ ከፈነዳ ከእግራችን ሥር ነው።»

«ታዲያ አታጥፉታ!»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሚካኤልን በጩኸት ልለፈው?»

ሹካዬን ሳህኑ ላይ አስቀመጥሁ።

«አንተ ብትሆን ታልፈው ነበር?»

አላልፈውም። ባትጠይቀኝ ነበር የምወድ። ፈንጂ ዘሪዎቹ ስንት ነገር አስበው ሲቀምሙት፣ ሞቱን እያወቀ ሞተር የሚያጠፋ ሕዝብ እንዳለ አላሰቡ ይሆናል። ጣቢያው ቢሰማ እጀታውን ይቆልፈው ነበር፤ ሁለቱንም ከጀልባ አውርዶ ለፍርድ ያቀርባቸው ነበር።

«እጁስ?» አልኩ።

«የመጀመሪያ ቀን ብቻውን አስነሣው። ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሰው ዋለ። በማግሥቱ እጁ እምቢ አለው፤ እኔ ልሞክር አልኩ፣ የኔም እምቢ አለኝ። አንዱ ብቻውን አስነሥቶት ከፈነዳ፣ ሌላውን የገደለ እሱ ነው። አብረን ከገፋነው ማንም ማንንም አልገደለ። ይኸው ነው፣ እንየው። ከዚህ ሌላ ነገር የለም።»

አመንኋት። ቅናቴ ይበርድልኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ባሰበት። የሥጋ ነገር ቢሆን መንገድ አለው፤ ሽማግሌ አለ፣ ካሣ አለ፣ ፍቺ አለ። ይህንን ለየትኛው ሽማግሌ እነግረዋለሁ? ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ። የኔ ሚስት በየቀኑ ከሌላ ሰው ጋር ካንድ ሞት ትቀዳለች፤ ወደ ቤት መጥታ ከኔ ጋር የፋብሪካ ዓሣ ትበላለች። መረብ አብረን ጥለናል፣ ልጅ አብረን ቀብረናል። እንደዚያ አድርጋ ግን እጄን ይዛኝ አታውቅም።

መብራቷ ያን ጊዜ ተናገረች፤ ማታ ማታ ትጠይቃለች፣ ካልጠየቀች ግን አትሰማም። «አቶ እንየው፣ ስለ ጀልባዋና ስለ ሠራተኞቿ የሚያሳስብዎ ነገር ካለ ይንገሩን።»

አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። ስማቸው ይወርድልኛል፤ ከሷ ጋር ደግሞ የሆነው ይሁን። ባንቺ አልለመነችኝም። ግድግዳው ላይ ግን ልቧ ሩጫ ጀመረ፣ ልክ እንደ ሰርጡ። በኔ ምክንያት ሲሮጥ ሳየው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

«የለም» አልኩ። «ደስ ብሎኛል።»

በማግሥቱ ደንገሉ ውስጥ አልተሸሸግሁም። ታንኳዋን ሰርጡ መሀል አቁሜ ጠበቅኋቸው። የፈለግሁት ግልጽ ነበር፦ ያ እጅ የኔ እጅ ላይ እንዲሆን። ቢፈነዳም እዚያው ልሁን። እሜቴ መጣች፣ ሞተሩ ጠፋ። ቀዝፌ ተጠጋሁና የማውቀውን ጠርዝ ይዤ ወጣሁ።

«አበድህ እንዴ?» አለ ስማቸው በሹክሹክታ። «እንየው፣ ውረድ። በእናትህ ውረድ።»

«ጀልባዬ ናት።»

ባንቺን አየ። ባንቺ እኔን አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ፍርሃትም አላየሁም፣ እንደ ደከመው ሰው ነው ያየችኝ። ነጠላዋን ተከናነበች። ሦስታችንም ለመንን። ከዚያ ያው ዝምታ መጣ፤ ከመስኮት ስሰማው የኖርኩት ዝምታ። ከውስጡ ሲሆኑ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ውኃው ሥር የሆነ ነገር ጆሮውን አቁሞ እንደሚጠብቅ ይሰማኛል፤ ውኃው ጠርዟን በነካ ቁጥር እዘላለሁ። ልቤን ያዳመጠው ወንበር ልክ ነበር።

ስማቸው እንደ ልማዱ እጁን ወደ እጀታው ሰደደ። ቀደምሁት። እጀታውን ያዝሁና «ነይ» አልኳት።

ባንቺ መጣች። እጇ እጄ ላይ አረፈ። ሻካራ ነው፣ በገመድ የተላጠ፣ ሞቅ ያለ። ይህን ያህል ዓመት ኖሬ እጇን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የስማቸው እጅ አየር ላይ ቀረ። ቦታ አልነበረውም። ቀስ ብሎ ሰበሰበውና ወደ ጎኑ መለሰው። ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። የፈራ ሰው ፊት አልነበረም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ወራት ሙሉ በመስኮቴ መስታወት ውስጥ ሳየው የከረምሁት የራሴ ፊት ነው። ሚስቴን አያት፣ እጃችንን አየ፣ ዞር ለማለት ሞከረ፣ አልቻለም። ለካ አላበድኩም ነበር። ለካ በሱ በኩል ነገሩ እውነት ነበር። አንድ ጥሩ ነገር፣ ጣፋጭ ነገር፣ ከእግሬ እስከ ራሴ ወጣ። እንዲያየኝ ፈለግሁ። ቀና ብሎ እስኪያየኝ ጠበቅሁት፤ ሲያየኝ ፈገግ አልሁ፣ እጀታውንም ገፋሁት።

ሞተሩ ተነሣ።

ምንም አልሆነም። ሞተሩ ይሠራል፤ የደሴቷ ወፎች ተነሥተው ተመልሰው ዐረፉ። ገመዱ ከኋላ ቀስ እያለ ተወጠረ። ስማቸው ፊቱን አዙሮ በክንዱ ጠረገ።

ወደ ባንቺ ዞርሁ። ዐይኗ ክፍት ነበር፤ እጀታው ሲገፋ አልጨፈነችም። ያን ጊዜ ሁሉ ወደኔ ስታይ ነበር የቆየችው።

«ቢፈነዳ ኖሮ» አለችኝ፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ እንድሰማት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «የመጨረሻ ያየኸው ሰው እሱ ነበር።»

እጇን ከእጄ ላይ አንሥታ ወደ ገመዱ ሄደች።